ከአባትና ከልጆች ጋር ወደ ሌኮክ፦ በአንድ ቀን ምን ይደረሳል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምንኖረው ሬዲንግ ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ 74 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ፍልሰታንም ይጾማሉ። ሴቷ ልጄ 11 ዓመቷ፣ ወንዱ 6 ዓመቱ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ሌኮክ የሚባለውን የድሮ መንደር ላሳያቸው አስቤያለሁ። ያዋጣል? ሎንግሊት ሳፋሪስ በዚያው ቀን ይደረሳል? ልጆቹንም አባቴንም የሚያስደስት ምን አለ?»

ምላሽ፦

ሌኮክ ያዋጣል። ሎንግሊትን ግን በዚያው ቀን ተይው። በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው፤ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ችግሩ በመኪና እየነዱ እንስሳ የሚያዩበት ሳፋሪው ራሱ ግማሽ ቀን መብላቱ ነው። ነሐሴ ደግሞ የእንግሊዝ ተማሪ ሁሉ እረፍት ላይ ስለሆነ፣ ሰልፉ ውስጥ ከአንበሳ ይልቅ የፊተኛውን መኪና ታርጋ ስታነቢ ትውያለሽ።

እዚህ ምዕራብ እንግሊዝ የሐበሻ ቤተሰቦችን ሳስጎበኝ ደጋግሜ የማየው ነገር ሦስት ቦታ አንድ ቀን ውስጥ ማጨቅ ነው። ልጆች መኪና ውስጥ ይነጫነጫሉ፣ ሽማግሌ ይደክማል፣ እናት ስትሯሯጥ ትውላለች። ለእናንተ የምመክረው ጠዋት ሌኮክን፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው አጠገብ ያለውን ቦዉድን ነው። ባዝ ከተማን ለሌላ ቀን ያዢው፤ እሱ በተለይ ለአባትሽ ነው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። (ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ግን በፈረንጆቹ።)

መንደሩ ለምን እንዲህ ሳይነካ እንደቀረ አባትሽ መጠየቃቸው ስለማይቀር ከዚያ ልጀምር። ሌኮክ ዊልትሸር ውስጥ፣ ከቺፕነም ከተማ በስተ ደቡብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለ መንደር ነው። ዋናው ክፍል አራት ጎዳና ብቻ ነው፤ በእግር ሲዞሩት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በመካከለኛው ዘመን በሱፍና በጨርቅ ንግድ ደኅና ገንዘብ ገብቶበት ነበር፤ ዛሬ የምታዪአቸው የእንጨት ማገር የወጣባቸው ዘመም ያሉ ቤቶች ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው። ከሁሉም በላይ ያቆየው ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። መንደሩ እንዳለ የአንድ ባለርስት ቤተሰብ ነበር፤ ነዋሪው ሁሉ ተከራይ ነው። ተከራይ ደግሞ የሰው ቤት አፍርሶ ፎቅ አይሠራም። አባትሽ የ«መሬት ላራሹ»ን ዘመን ያዩ ሰው ናቸውና ይህን ከእኔ በላይ ይረዱታል።

በ1944 የመጨረሻዋ ባለርስት ማቲልዳ ታልቦት የቤተሰቧ መኖሪያ የነበረውን የድሮ ገዳምም መንደሩንም ለናሽናል ትረስት ሰጠች። ናሽናል ትረስት ከ1895 ጀምሮ ቅርስና መሬት የሚጠብቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አብዛኞቹን ቤቶች ዛሬም የሚያከራየው እሱ ነው። ጎዳናው ላይ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦና የቴሌቪዥን አንቴና የማታዪውም ለዚህ ነው። የፊልም ሠሪዎች መመላለሻ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሰው የሚኖርበት መንደር ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ ልብስ የሚሰጣበት። መንደሩ ሁሉ ሙዚየም መስሏቸው በሰው መስኮት የሚያጮልቁ ጎብኚዎች አሉ። ነዋሪው ጨዋ ስለሆነ ዝም ይላል እንጂ ደስ አይለውም፤ ልጆቹን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጎዳናዎቹን ለማየት አይከፈልም። የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያውና ለገዳሙ ነው። ገዳሙን በትኬት የምትገቢ ከሆነ ትኬቱ እዚያው ያለውን የፎቶግራፍ ሙዚየምም ይጨምራል። በዓመት ውስጥ ሦስት አራት የትረስቱን ቦታዎች የምታዪ ከሆነ የቤተሰብ አባልነት ይሻልሻል፤ መኪና ማቆሚያውም ለአባላት ነጻ ነው።

መጀመሪያ ገዳሙን እዩ፤ መንደሩ የትም አይሄድም። ገዳሙን በ1232 የመሠረተችው ኤላ የተባለች የሶልዝበሪ ወይዘሮ ናት። ባሏ ዊሊያም ሎንገስፔ የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ የዲቃላ ልጅ፣ የንጉሥ ጆን ወንድም ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ የሴቶች ገዳም አቋቋመች፤ ኋላም ራሷ ገብታ መነኮሰችና እመምኔት ሆነች። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ጸሎት ሲደረስበት ኖሮ በ1539 ሄንሪ 8ኛ የአገሪቱን ገዳማት ሲዘጋ ይህም ተዘጋ። በማግስቱ ዓመት ዊሊያም ሻሪንግተን የሚባል የቤተ መንግሥት ሰው ገዛው። ሻሪንግተን ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰና ከላይ ለራሱ መኖሪያ ሠራ፤ መነኮሳይቱ ይመላለሱበት የነበረውን የድንጋይ ቅስት ያለውን አደባባይ ዙሪያ ግን ከታች ተወው። ይኸው ሰው በኋላ ብሪስቶል የሚገኘውን የገንዘብ ማተሚያ ሲመራ በሳንቲም ላይ ባደረገው ማጭበርበር ተይዞ ምሕረት የተደረገለት ነው። መቃብሩ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ።

ለአባትሽ የምመክረው ያንን ከታች የቀረውን የገዳሙን ክፍል ነው። ወለሉ ደልዳላ ነው፣ ደረጃ አይበዛውም፣ ሲደክማቸው የሚቀመጡበት አያጡም። የመኖሪያ ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ስለሆኑ ጉልበታቸው እንዳለው ይወስኑ። ሴቷ ልጅሽ ሃሪ ፖተርን ካየች ደግሞ ከዚህ ማስወጣት ያስቸግርሻል፤ የመጀመሪያው ፊልም የትምህርት ቤቱን ኮሪደርና አንዳንድ ክፍሎች የቀረጸው እዚህ ነው። መነኮሳይቱ እሳት ይሞቁበት የነበረው ክፍል ውስጥ በ1500 የተሠራ አንድ ትልቅ ድስት አለ። ለፊልሙ የመጣ ዕቃ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እውነተኛ ነው።

ፎቅ ከወጣችሁ አንድ መስኮት እንዳታልፉ። ትንሽ ወጣ ብሎ የተሠራ፣ በብዙ ጥቃቅን መስታወት የተከፋፈለ መስኮት ነው። የቤቱ ጌታ የነበረው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት (1800–1877) በነሐሴ 1835 ይህንን መስኮት ከውስጥ ሆኖ በትንሽ የእንጨት ሳጥን ፎቶ አነሣው። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከተረፉት የካሜራ ኔጋቲቮች ሁሉ የመጀመሪያው ያ ነው። ሰውዬው ብዙ የተማረ ቢሆንም እጁ ለሥዕል የማይታዘዝ ነበር። ጣሊያን አገር ሐይቅ ዳር ተቀምጦ መልክዓ ምድሩን ለመሣል ሲታገል ቆይቶ አልሆን ሲለው፣ ብርሃኑ ራሱ ወረቀት ላይ እንዲሥል ማድረግ አይቻልም ወይ ብሎ ተነሣ። ሳጥኖቹን እዚህም እዚያም እያስቀመጠ ስለሚሄድ ሚስቱ «የአይጥ ወጥመድ» ትላቸው ነበር። ውጤቱ የቴምብር ያህል ትንሽ ወረቀት ነው፤ ሆኖም መጀመሪያ ሲሠራ 200 ያህሉ የመስኮቱ መስታወቶች በማጉያ ይቆጠሩ እንደነበር ራሱ ጽፎታል። ልጆቹን እውነተኛውን መስኮት አስቆጥሪያቸው፤ የ6 ዓመቱ ልጅ አሥር ደቂቃ ጸጥ ይልልሻል።

በ1839 ፓሪስ ላይ ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ የራሱን የፎቶ ማንሻ ዘዴ ይፋ ሲያደርግ ዝናው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። የዳጌር ምስል ግን ብረት ላይ የሚቀር አንድዬ ነበር። ከአንድ ኔጋቲቭ እየደጋገሙ ማጠብ የመጣው ከታልቦት ነው። «ኔጋቲቩን አስቀምጡልኝ» ተብሎ ፎቶ ቤት ይነገር የነበረበትን ጊዜ አባትሽ ያስታውሳሉ፤ ሙዚየሙ ውስጥ የሚያወሩት አያጡም። ዋናው ወረቀት ግን እዚህ የለም፣ ብራድፎርድ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ እዚህ የሚታየው ቅጂው ነው።

ለልጆቹ አንድ ተረትም አለ፤ ታሪክ ነው ብለሽ አታስረጂው። ኦሊቭ ሻሪንግተን የምትባል የቤቱ ልጅ አባቷ የከለከላትን ጆን ታልቦትን ስታናግር ከግንቡ ላይ ወደ እሱ ዘለለች ይባላል። ቀሚሷ ነፋስ ይዞ ቢያዘገያትም እላዩ ላይ ወድቃ ለጥቂት አልገደለችውም። አባትየው «ይህን ያህል ከደፈረችማ ታግባው» አለ። መጋባታቸው እውነት ነው፤ የታልቦት ስም ወደ ቤቱ የገባው በእሷ ነው።

ከገዳሙ ወጥታችሁ ወደ ጎዳናው ስትሄዱ ምሥራቅ በኩል ያለውን የአሥራት ጎተራ ግቡበት። ገበሬው ከምርቱ አሥረኛውን የሚያስገባበት የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ነው፤ ጣሪያውን የተሸከሙት ጎባጣ ግንዶች የሚደነቁ ናቸው። አጠገቡ ጉልላት ያለው፣ መስኮት የሌለው ትንሽ የድንጋይ ክፍል አለ፤ ሰካራም የሚያድርበት እስር ቤት ነበር። ጆርጅ የሚባለው ጥንታዊ መጠጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ምድጃው አጠገብ አንድ መንኮራኩር ታያላችሁ። ድሮ ውሻ ውስጡ ገብቶ እየሮጠ የሚጠበሰውን ሥጋ ያዞር ነበር። ልጆች ውሻው ያሳዝናቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ መንገዱ በጅረት ውስጥ ያልፋል፤ እግረኛ የሚሻገርበት የድሮ የድንጋይ ድልድይም አጠገቡ አለ። ትርፍ ካልሲ ያዢ።

አሁን ወደ ምግቡ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አባትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የእንግሊዝ ገጠር ሰዓት ከእሳቸው ጋር አይገጥምም። የመጠጥ ቤት ኩሽናዎች አብዛኛውን ጊዜ የምሳውን ምድጃ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ያጠፋሉ፤ ራት የሚጀምሩት ማታ 12 ሰዓት ነው። ልክ እሳቸው በሚገድፉበት ሰዓት የሚቀርበው ሻይና ስኮን የሚባለው ትንሽ ዳቦ ነው፤ እሱ ደግሞ ከነቅቤው ከነክሬሙ ነው። የጾም ነገር ስትጠይቂ «ቬጀቴሪያን» ሲሉሽ አትመኚ፣ አይብና እንቁላል አለበት፤ የምትፈልጊው «ቪጋን» የሚል ምልክት ነው። የድንች ጥብሱንም ጠይቂ፤ በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ዓሣውን ይብሉ አይብሉ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ ብሆን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ፤ ጥቅል በሽሮ፣ ትንሽ አዚፋ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ልጆቹን ሌኮክ ላይ ምሳ አብሊያቸው፣ የአባትሽን ቦዉድ ላይ ሣር ላይ ዘርጉት።

ቦዉድ ከሌኮክ በመኪና ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከ1754 ጀምሮ የላንስዳውን ቤተሰብ ርስት የሆነ ትልቅ ቤትና ፓርክ ነው። ለልጆቹ የመርከብ ቅርጽ ያለው መወጣጫና ረጃጅም ሸርታቴዎች ያሉበት ሰፊ መጫወቻ አለ። ይህ ቦታ ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ብቻ ስለሆነ ሴቷ ልጅሽ በጊዜዋ ደርሳለች። ለአባትሽ ደግሞ ታዋቂው የመናፈሻ ባለሙያ ኬፓቢሊቲ ብራውን ያበጀው ሐይቅና የጥላ ዛፍ አለ። ቤቱ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ክፍል ግን ልጅቷን ሳታስገቢ እንዳትመለሺ። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በነሐሴ 1774 ዛሬ ኦክስጅን የምንለውን አየር የለየው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ኔጋቲቭ የተነሣበትን፣ ከሰዓት ኦክስጅን የተለየበትን ክፍል ማየት ለአንድ የ11 ዓመት ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ቦዉድ በክረምታቸው ይዘጋል፣ በነሐሴ ግን ክፍት ነው። የመጨረሻ መግቢያ ሰዓት ስላለው ከሌኮክ 8 ሰዓት ላይ ተነሡ።

አሁን ባዝ። ከሌኮክ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሮማውያኑን መታጠቢያ ሁሉም ያያል፤ 46 ዲግሪ ሆኖ ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ ነውና ልጆቹም ይገረማሉ። ለአባትሽ ግን ዋናው ከተማው ዳር ኒውብሪጅ ላይ ያለው ፌርፊልድ ሃውስ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ሲሰደዱ በ1936 ገዝተው እስከ 1940 ከቤተሰባቸው ጋር የኖሩበት ቤት ነው። የቤቱ አሠራር የጣሊያን ስልት መሆኑን ስነግራቸው የማይስቅ አዛውንት አላጋጠመኝም። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት በዚያ የስደት ዘመን ባዝ ሆነው ነው። ገንዘብ አጥሯቸው፣ ብርዱ ከብዷቸው ነበር የኖሩት። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1958፣ ቤቱን ለአረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡት፤ ዛሬም አረጋውያን ይሰባሰቡበታል። ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሳታረጋግጪ አትንቀሳቀሺ። ከዚያው ሰፈር የፓርክ ኤንድ ራይድ መኪና ማቆሚያ አለ፤ መኪናሽን እዚያ ትተሽ መሀል ከተማ በአውቶቡስ ግቢ። ባዝ የንጹሕ አየር ቀጠና ቢኖረውም የግል መኪና አያስከፍልም።

ካስል ኮም፣ ባይበሪ፣ በርተን የሚባሉትን መንደሮች እዩ የሚሏችሁም ይኖራሉ። ያምራሉ፤ ግን ፎቶ ከተነሡ በኋላ ልጅ የሚያደርገው የለም፣ በነሐሴ ደግሞ አስፋልቱ ሰው በሰው ነው። ትርፍ ቀን ካላችሁ ኤቭበሪን እመርጣለሁ፤ ከሌኮክ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተተከለ የድንጋይ ክብ ነው፤ በዓለም ትልቁ ሲሆን መንደሩ ግማሹ ክቡ ውስጥ ገብቶ ተሠርቷል። ስቶንሄንጅ ላይ በገመድ ተከልክለሽ ከሩቅ ታያለሽ፤ እዚህ ልጆቹ ድንጋዩን ያቅፉታል፣ በጎቹ መካከል ይሮጣሉ፣ የምትከፍይው ለመኪና ማቆሚያ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከሬዲንግ በኤም 4 ወደ ምዕራብ፣ በመውጫ 17 ወጥተሽ ኤ350ን ወደ ደቡብ ያዢ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ከወጣችሁ 4 ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳላችሁ፤ መኪና ማቆሚያው በዚያ ሰዓት ቦታ አለው፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ዋስትና የለውም። መንደሩ ውስጥ ለማቆም አትሞክሪ። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ በባቡር እስከ ቺፕነም ሄዶ፣ ወደ ፍሩም የሚሄደውን አውቶቡስ ይዞ ሌኮክ ላይ ይወርዳል፤ ቦዉድን ግን ያለ መኪና አላስብም። ገዳሙ ውስጥ ክፍሎች ለጥገና የሚዘጉበት ቀን ስላለ ከመውጣታችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ።

ሎንግሊትን ልጆቹ ካልተዉሽ ከፍልሰታ በኋላ ለብቻው ያዢው። በ1966 ሲከፈት ከአፍሪካ ውጭ በመኪና እየነዱ አንበሳ የሚያዩበት የመጀመሪያው ፓርክ ነበር። ትኬቱን አስቀድመሽ በኢንተርኔት ግዢ፣ ልጆቹን ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ውሰጃቸው፤ እንስሳቱ መካከል ከመኪና መውረድ የለም። የዝንጀሮዎቹ ክፍል ላይ መጥረጊያና አንቴና ይነቅላሉ፤ ተከራይታችሁ የምትሄዱ ከሆነ እሱን የሚያሳልፍ ሌላ መንገድ ስላለ በዚያ እለፉ። የነሐሴ መጨረሻ ሰኞ ባንክ ሆሊደይ (የሕዝብ በዓል) ነው፤ ያን ቀን ግን ዝር እንዳትሉ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ይሻላችኋል፤ አየሩም ገና አይበርድም፣ ሰልፉም ያጥራል።